ጋሼ፣ እርስዎ ምንጭ አይደሉም

በአማርኛው ውክፔዲያ በአጫጭር ጽሑፎች ግርጌ፣ አንባቢው ራሱ እንዲያስፋፋቸው የሚጋብዝ ማስታወሻ ተለጥፏል። ግብዣው ለሁሉም ነው። ክፋቱም እሱ ነው፤ ሁሉም ይመጣላ!

ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ በአንዲት ቡና አፍዪ በርጩማ ላይ ከሚቀመጡት አንዱ ግብዣውን ከልቡ የተቀበለ ወጣት ነው። ሰፈሩ «ሊቁ» ይለዋል። ከጎኑ የተቀመጡት ሽማግሌ ዕድሜያቸውን በፖሊስ ማርሽ ባንድ ክላርኔት ሲነፉ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ሊቁ ይህን ያውቃል፤ ግን አላስጨነቀውም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ክላርኔትን ላሻሽለው ነው።»

«ምን ሆነ?»

«ጽሑፉን ነዋ! ስሙኝማ፦ ክላርኔት በ1700 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ጀርመን አገር፣ ኑረምበርግ ከተማ፣ ዮሐን ክሪስቶፍ ዴነር የሠራው የነሐስ መሣሪያ ነው።»

«እንጨት ነው።»

«ማርሽ ባንድ ውስጥ ያለ ሁሉ ነሐስ ነው፣ ጋሼ።»

«ሳክስፎን እንኳ ነሐስ ሆኖ ከእንጨቶቹ ወገን ይቆጠራል። በሪድ ስለሚነፋ።»

«ሪድ! ጥሩ አነሱልኝ። ሪድ ከሸምበቆ ይሠራል፤ ሐይቃችን ዳር ደግሞ ሞልቷል። ስለዚህ ‹ሐዋሳ የዓለም ክላርኔት የጥሬ ዕቃ ምንጭ ናት› ብዬ ልጨምር ነው።»

«ሐይቁ ዳር ያለው ፊላ ነው።»

ሸምበቆው ላይ ሊቁ ግማሽ እውነት ይዟል። የክላርኔት ሪድ የሚቀረጸው አሩንዶ ዶናክስ ከሚባለው፣ እኛም አገር ሸምበቆ ተብሎ ከሚታወቀው ተክል ነው። ሊቁ ደግሞ ግማሽ እውነት የያዘ ቀን አይቻልም።

«ክላርኔት ላይ የምትጨምረው ካጣህ» አሉ ሽማግሌው፣ «እንደ ሳክስፎን ወደ ስምንተኛው ድምፅ አይዘልም፤ ወደ አሥራ ሁለተኛው ነው የሚዘል። ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ሲሄዱ ጣት የሚምታታው ለዚህ ነው። እሱን ጻፍ።»

«ለአንባቢ ይከብዳል። ወደ ታሪኩ ልግባ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ባንድ ሰሙ። ወደዱት። አርባውንም አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ‹አርባ ልጆች› ተባሉ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ በዘውዱ ዕለት ተነፋ። ከአርባዎቹ አንዱ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ…»

«ነርሲስ ከአርባዎቹ አይደሉም። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ናቸው፤ ኋላ ነው የመጡት።»

«ምንጭ?»

«ያስተማሩን ሰዎች ናቸው የነገሩን።»

«ይኸውልዎት! ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ እርስዎ ምንጭ አይደሉም። ደንቡ ያልታተመ ነገር አይቀበልም። ታትመው ያውቃሉ?»

«የት?»

«የትም።»

«የቀበሌ መታወቂያ አለኝ።»

ደንቡ በእርግጥ አለ፤ ደግ ደንብም ነው። እሱ ባይኖር ኢንሳይክሎፒዲያው የሊቁ ማስታወሻ ደብተር ይሆን ነበር። ግን ስለ ባንዶቻችን የታተመው ትንሽ ነው፤ ከዚያችው ላይ ብዙውን ያወጣው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው፣ ያውም በሲዲ። ሽለላን በሳክስፎን የነፋው፣ ክላርኔትም ይጫወት የነበረው ጌታቸው መኩሪያ ለውጭ ጆሮ የደረሰው በዚያው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ፣ በ14ኛው ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባን ባንድ ታሪክ የሚጠቅስ ሰው በፓሪስ ዞሮ ይመጣል፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ነፊ መጠየቅ ግን ክልክል ነው።

«የእኔ ግን ምንጭ አለው» ቀጠለ ሊቁ። «ባለፈው ‹ሐዋሳ የማርሽ ባንድ መዲና ናት› ብዬ ጻፍኩ። አንድ የቴሌግራም ቻናል ወስዶ ለጠፈው። እኔ ደግሞ ቻናሉን ጠቀስኩ።»

«ራስህን ጠቀስክ።»

«ቻናሉን ነው እንጂ! ደግሞስ መዲና ባትሆን ነው? አሞራ ገደል ያሉትን አባ ኮዳዎች አላዩም? ዓሣው እስኪበለት ኮታቸውን ደፍተው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ በሰልፍ ነው የሚቆሙት፤ ልክ እንደ ባንድ መሪ! ሰዉም ከእነሱ ተማረ። ኮብልስቶን ሲመረቅ ባንድ፣ አጥር ሲመረቅ ባንድ፣ ቧንቧ ሲመረቅ ባንድ። ይህን ‹ማኅበራዊ ፋይዳ› በሚል ርዕስ ለብቻው አወጣዋለሁ።»

«ቧንቧ ላይ እኔም ነፍቻለሁ።»

«ውሃው መጣ?»

«እኛ መጥተን ሄድን።»

ሊቁ ይህን ሊጽፍ ካሰበ በኋላ ምንጭ እንደሌለው ትዝ ብሎት ተወው። ይልቅ ጽሑፉ ፎቶ እንደሚጎድለው አሰበ። «ጋሼ፣ ክላርኔትዎን ይዘው ነገ ቢመጡ ላነሣዎት እችላለሁ። ለፎቶ መታተም አያስፈልግም።»

«መልኬ ይበቃል?»

«ፊትዎን እቆርጠዋለሁ፤ ጣትዎ ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ።»

ሽማግሌው ስኒያቸውን አስቀመጡ። ሊቁ ግን ክላርኔቱን ዘግቶ የቡናን ጽሑፍ ከፍቶ ነበር።

«የኔ እህት፣ ሁለተኛው ስኒ ምን ይባላል?»

«ቶና።»

«የታተመ ነገር አለሽ?»

«የዱቤ ደብተር አለኝ» አለች። «ስምህ ሁለት ገጽ ሞልቷል።»