ሆን ብሎ የሚዘገይ ማሽን

ሞጁል የሚባሉ ክፍሎች በኬብል ተያይዘው በሚሠሩት ሞጁላር ሲንተሳይዘር ውስጥ ሲኩዌንሰር የሚባለው ክፍል፣ ከክሎክ በሚደርሰው የኤሌክትሪክ ምት እየተነዳ ከአንዱ እርምጃ ወደ ቀጣዩ የሚያልፍ፣ በየእርምጃውም የተመደበለትን ቮልቴጅ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። የሙግ ኩባንያ 960 የተሰኘው ሲኩዌንሰር በሦስት ረድፍ ስምንት ስምንት፣ በድምሩ 24 ማዞሪያዎች ነበሩት። ስምንተኛው እርምጃ ላይ ሲደርስ ወደ አንደኛው ይመለሳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢተዉትም አይሰለቸውም። ይህ ጠባዩ መጀመሪያ ላይ እንደ በጎነት ተቆጥሮለት ነበር። ከበሮ መቺ ያረፍዳል፣ ይራባል፣ ሂሳቡን ይጠይቃል፤ ማሽኑ ከዚህ ሁሉ ንጹሕ ነው። ጉድለቱ የታወቀው ከበሮ መቺው ተሰናብቶ ከሄደ በኋላ ነው፤ ማሽኑ መዘግየት አይችልም። የዛሬው የሞጁላር ጥበብ ከሞላ ጎደል ይህችን ጉድለት ለመሙላት የሚደረግ ርብርብ ነው።

ጥንታዊው መድኃኒት ስዊንግ ይባላል። ሮጀር ሊን እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ኤልኤም-1 የከበሮ ማሽን ላይ የተጠቀመበት ዘዴ፣ ከየጥንዱ ሁለተኛውን ምት በጥቂቱ ማዘግየት ነው። የመጀመሪያው ምት ከጥንዱ ጊዜ 50 በመቶ ሲይዝ ምቱ ቀጥ ይላል፤ 66 በመቶ ገደማ ሲደርስ ወደ ሦስትዮሽ ይጠጋል። ዘዴው ይሠራል፤ ነውሩም ይኸው ነው። በአንድ ቁጥር የሚያልቅ መፍትሔ ሞጁሎች የሚደረደሩበትን ሳጥን አይሞላም። ዲተር ዶፕፈር በ1990ዎቹ አጋማሽ ኤ-100 የተባለውን የሞጁሎች ሥርዓት ካወጣ ወዲህ የሞጁሎች ወርድ የሚቆጠረው በ5.08 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ከሳጥኑ ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር ባዶ የቀረበት ባለቤት እንቅልፍ ይነሣዋል።

ስለዚህ ርዝመትን ወደ ማለያየት ይታለፋል። አንዱ ሲኩዌንሰር 16፣ ሁለተኛው 7፣ ሦስተኛው 5 እርምጃ እንዲኖረው ይደረጋል። ሦስቱም አብረው ተነሥተው እንደገና በአንደኛው እርምጃ ላይ የሚገናኙት ከ560 እርምጃ በኋላ ነው። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ሙዚቃ፣ ለእያንዳንዱ ምት አራት እርምጃ ቢታሰብ፣ ይህ 70 ሰከንድ ይፈጃል። አድማጭ መገናኘታቸውን አያውቅም፤ መለያየታቸውንም እንደዚሁ። ባለቤቱ ግን ያውቃል፤ በሰባኛው ሰከንድ ላይ ፊቱ ሲበራ ማየት ብቻውን የመግቢያ ዋጋ ያወጣል።

ሌሎች ደግሞ ዝግ ያለ ሞገድ ከክሎኩ ጋር አገናኝተው ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። የሚገኘው ውጤት ያልታሰበ ነው፤ ሁሉም ሞጁሎች የሚታዘዙት ለዚያው ክሎክ ስለሆነ፣ ሲንገዳገዱም እንደ ሰልፈኛ እኩል ነው የሚንገዳገዱት። መፍትሔው ሁለተኛ ክሎክ መግዛት መሆኑን ማንም ይገምታል።

ከሁሉ የከበረው ስልት ግን ዕጣ ነው። የዚህ መንገድ አባት የካሊፎርኒያው ሲንተሳይዘር ሠሪ ዶን ቡክላ ሲሆን፣ በ1970ዎቹ 266 ብሎ ቁጥር የሰጠውን ሞጁል በይፋ «እርግጠኛ ያለመሆን ምንጭ» ብሎ ሰይሞታል። ቀድሞ ይህ ምንጭ በየባንዱ ውስጥ በነጻ ይገኝ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ቤዝ ጊታር ይይዛል። ዛሬ ግን በመጠን ነው የሚቀርበው። በርኑሊ ጌት የሚሰኘው ሞጁል፣ በባዘሉ የሒሳብ ሊቅ በያዕቆብ በርኑሊ ስም የሚጠራው፣ ለእያንዳንዱ ምት ሳንቲም ይጥላል፤ ምቱ ይለፍ ወይስ ይቅር የሚለው በዚያ ይወሰናል። ቶም ዊትዌል በ2012 ያወጣው ቱሪንግ ማሽን ደግሞ ነገሩን ሁሉ በአንድ ትልቅ ማዞሪያ ሥር ጠቅልሎታል። ማዞሪያው መሐል ላይ ሲሆን የሚወጣው ሁሉ ዕጣ ነው። ወደ ቀኝ እስከ ጫፍ ሲጠመዘዝ የወጣው ዕጣ ይቆለፍና ይደጋገማል፤ ወደ ግራ ጫፍ ሲሄድ በእጥፍ ርዝመት ይደጋገማል። ከቀኙ ጫፍ ትንሽ መለስ ቢል፣ አልፎ አልፎ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል። ባለሙያ የሚባለው ሰው ምሽቱን የሚያሳልፈው በዚህች ትንሽ ክፍተት ላይ ጣቱን አሳርፎ ነው። ስሕተቱ በዛ ሲባል ወደ ቀኝ፣ አነሰ ሲባል ወደ ግራ። ልኩን የጠበቀ ስሕተት እንደ ልብ አይገኝም።

ዕጣን ለሚንቁ ሒሳብ አለ። ጎድፍሬድ ቱሳን በ2005 ባሳተመው ጥናት፣ የዩክሊድ ጥንታዊ ስሌት ምቶችን በእርምጃዎች መካከል በተቻለ መጠን እኩል ሲያከፋፍል የብዙ ሕዝቦች ባህላዊ ስልተ ምት ሆኖ እንደሚገኝ አሳይቷል። 3 ምት በ8 እርምጃ ላይ ቢበተን በኩባ ትሬሲዮ የሚባለው ይወጣል፤ 5 ቢሆን ሲንኪዮ። ከዩክሊድ ስሌት ጋር አንድ ሆኖ የተገኘው የማከፋፈያ ዘዴ የተነደፈው የኒውትሮን ማፍለቂያ ማሽንን ጊዜ ለመቆጣጠር ነበር። ስለዚህ የሃቫና ሕፃን በጠረጴዛ ላይ በጣቱ የሚመታውን ለማግኘት የሚያስፈልገው የኒውትሮን ሳይንስ፣ የግሪክ ሒሳብና ሁለት ማዞሪያ ብቻ ነው።

አቋራጭ መንገድ የሄዱም አልጠፉም፤ ሥነ ሥርዓቱን ስለጣሱ ግን ለተማሪ አርአያ አይሆኑም። የዲትሮይቱ የሂፕ ሆፕ አቀናባሪ ጄ ዲላ ኤምፒሲ 3000 በተባለው ማሽን ላይ ምቱን የሚያስተካክለውን ተግባር አንዳንዴ ትቶ በጣቱ ይመታ ነበር፤ ማሽኑ ዛሬ በዋሽንግተን ሙዚየም ተቀምጧል። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ለቀዳው አልበም አኮርዲዮንና ሙግ ይዞ ከሪትም ማሽን ጋር ሠርቷል። ማሽኑ እንደ ልማዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ማርፈዱንና መቅደሙን ጣቶቹ ችለውታል። አንድም ኬብል ለማርፈድ አልተሰካም። እንዲህ ያለ አሠራር ገበያን የሚጎዳ መሆኑ ግልጽ ነው።

የመጨረሻው ደረጃ ቅጂ ነው። ለወራት ተንገዳግዶ የጠነከረው ስልተ ምት ወደ ኮምፒዩተር ይገባል። ከቀረጻ ፕሮግራሞች መካከል እንደ ኤብልተን ላይቭ ያሉት፣ በቅንብራቸው ካልተከለከሉ በቀር፣ የገባላቸውን ረጅም ድምፅ መርምረው ከራሳቸው የምት መስመር ጋር ያስተካክሉታል። የዘገየው ይገፋል፣ የቀደመው ይጎተታል፤ ሁሉም በሰከንዶች ውስጥ ቀጥ ይላል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ወንበር ስቦ ተቀምጦ እያንዳንዱን ምት በማውዝ፣ አንድ በአንድ፣ ወደ መዘግየቱ መመለስ ነው።