ያገለገለ ካሜራ፤ ንባቡና ትርጓሜው

«ያገለገለ» የሚለው ቃል ለሰው ሲነገር ማዕርግ፣ ለዕቃ ሲነገር ግን ነውር መሆኑ የቋንቋችንን ሊቃውንት ሊያሳስባቸው በተገባ ነበር፤ ሠላሳ ዘመን ያገለገለ መሪጌታ በገባበት ሁሉ ወንበር ሲለቀቅለት፣ ሠላሳ ሺህ ጊዜ ዐይኑን የገለጠ ካሜራ ግን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ባለቤታቸው ካልታወቀ ቻርጀሮች ጋር ታጉሮ ዋጋው ሲወርድ እናያለንና። ስለዚህ ይህ አጭር ጥናት፣ እንጀራው ከፎቶግራፍ ያልሆነ ነገር ግን ፎቶግራፍ የሚወድ ሰው፣ ያገለገለ ካሜራ ሲመርጥ የሚፈጽመውን ሥርዐት ይመረምራል። የተጠኑት ሰዎች ቍጥር አንድ ሲሆን እርሱም የጽሑፉ ባለቤት ነው፤ ይህም በምስክሮች መካከል ከሚነሣ አለመስማማት አድኖኛል።

አስቀድሞ ስለ ሁለቱ ቤቶች። የጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው እንደ ተለዩ፣ የካሜራ ወዳጆችም ካኖንና ኒኮን ተብለው ተለይተዋል፤ ልዩነቱ ግን በክርክር የሚፈታ አይደለም፤ ሁሉም አስቀድሞ ሌንሱን ገዝቷል፣ ሌንስ የገዛ ሰው ደግሞ በስብከት አይመለስም። ካኖን ስሙ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1934 ለሙከራ ከተሠራው «ኳኖን» ከተባለው ካሜራ፣ ይኸውም በቡድሃ እምነት ምሕረት አድራጊ ከምትባለው አካል የተነሣ ሲሆን፣ በኋላ መለኪያና ሥርዐት ወደሚለው ቃል ተሻግሮ ከእኛው «ቀኖና» ጋር በግሪክ አያታቸው በኩል ተዛምዷል። ቀኖና በእኛ ዘንድ አንድም ሥርዐት ነው፣ አንድም ተነሳሒው ስለ በደሉ የሚቀበለው ቅጣት ነው፤ ገዢው በየትኛው ፍች እንደ ተያዘ የሚገለጥለት ወሩ ሳይጋመስ ነው።

የካሜራ ዕድሜ የሚቈጠረው በዓመት ሳይሆን ሹተሩ በተከፈተበት መጠን ነው። እኔ የመረጥሁት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2005 የወጣው ካኖን ፋይቭ ዲ፣ በአዲስነቱ ወራት ቦዲው ብቻ 3,299 የአሜሪካ ዶላር ይሸጥ የነበረ፣ ሹተሩም 100,000 ጊዜ ይከፈታል ተብሎ የተሠራ ነው፤ እንግዲህ አንድ ባለሙያ በየሠርጉ 2,000 ጊዜ ቢያነሣ፣ ካሜራው በአምሳኛው ሙሽራ ፊት ዘመኑን ይፈጽማል ማለት ነው። በዚህ ረገድ ኒኮን ግልጥ ተነሳሒ ሲሆን፣ በሚያነሣው ፎቶ ፋይል ውስጥ የሹተሩን ቍጥር እየጻፈ ይናዘዛል፤ ይህ ካኖን ግን በፎቶው ላይ አይጽፈውም፣ ለነፍስ አባቱ ለጠጋኙ ካልሆነ በቀር ምስጢሩን አያወጣም። ገዢው ስለዚህ በሻጩ ቃል ይፈርዳል።

ሻጩም «ጋሼ፣ ይሄ ሠርግ አያውቅም፤ ልደት ብቻ ነው የገባው» አለኝ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለ ነበረ፣ የጥርን ሠርግ ሁሉ ተሸክሞ የመጣ እንደ ሆነ ጠርጥሬ ዝም ብል፣ «ባለቤቱ ውጭ ሊሄድ ሆኖ እንጂ አይሸጥም ነበር» ብሎ ጨመረ። በዚህ ጥናት ዘመን ያየኋቸው ካሜራዎች ሁሉ ባለቤቶቻቸው ወደ ውጭ ሊሄዱ የተነሡ ናቸው፤ ካሜራ መሸጥ ከቪዛ በፊት የሚፈጸም ግዴታ እንደ ሆነ ለመገመት ተገድጃለሁ። ከዚያም እንደ ደንቡ ሌንሱን ወደ ፀሐይ አቅንቼ ሻጋታ ፈለግሁ፣ የባትሪውን ክዳን ሦስት ጊዜ ከፍቼ ከደንሁ፣ ገንቦ የሚገዛ ሰው በጣቱ አንኳኵቶ እንደሚያዳምጥ ካሜራውን ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ሹተሩን ሰማሁ፤ ምን እንደ ሰማሁ ቢጠይቀኝ ኖሮ መልስ አልነበረኝም፤ እርሱም ይህን ስለሚያውቅ አልጠየቀኝም።

ለምን ይህን መረጥህ ለሚሉኝ ንባቡ «ርካሽ ስለ ሆነ» ይላል፤ ትርጓሜው ግን ሰፊ ነው። አንድም፣ ኦስካር ባርናክ የተባለው ጀርመናዊ የሲኒማ ፊልም በአግድም አስኪዶ ካበጀው፣ ላይካ የተባለው ካሜራም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1925 ለገበያ ካወጣው፣ 24 በ36 ሚሊሜትር ከሆነው ሥዕል ጋር ሴንሰሩ ሊተካከል ጥቂት ነው የቀረው። አንድም፣ ፒክስሉ 12.8 ሚሊዮን ብቻ ስለ ሆነ የወዳጆቼን ሽበት አንድ በአንድ አይቈጥርም። አንድም፣ ቪዲዮ ስለማይቀርጽ «ለሠርጋችን አንተ አለህልን» ከሚሉ ዘመዶች ይጠብቃል። አንድም፣ ሄሊዮስን ይቀበላል፤ የነገሩም ሥር ይህ ነው።

ሄሊዮስ 44፣ አጎቴ በደርግ ዘመን ከሶቭየት ኅብረት ሲመለስ ከዲፕሎማውና ከአንድ ጠጕራም ቆብ ጋር ይዞት በመጣው ዜኒት ካሜራ ላይ የነበረ፣ በግሪክ ስሙ ፀሐይ የተባለ፣ ሥርዐቱም ከጀርመኑ የዛይስ ቢዮታር የተቀዳ 58 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። ይህ ሌንስ ጥርት አድርጎ እንዲያይ ከመቀመጫው እስከ ፊልሙ 45.46 ሚሊሜትር ይሻል፤ የካኖን 44 ስለ ሆነ ትርፉ በአንዲት ስስ ቀለበት ይሞላል፤ የኒኮን ግን 46.5 ስለ ሆነ፣ ሌላ መስተዋት ካልታከለበት በቀር የቅርቡን እንጂ የሩቁን አያይም፣ እንጦጦም ለዘላለም በጉም ውስጥ ይኖራል። ሁለት ቤቶች በሁለት ሚሊሜትር ተኩል መለያየታቸው የሃይማኖትን ታሪክ ላነበበ ሰው እንግዳ አይሆንም። ሄሊዮስ በሰፊው ሲከፈት ከሰው ጀርባ ያለውን ቅጠል እንደ ሽክርክሪት ያዞረዋል፤ የሥነ ብርሃን ጠበብት ይህን ጉድለት ይሉታል፣ እኛ ጸጋ እንለዋለን፣ ከዓመት ዓመትም ለዚሁ ስንል ዛፍ ሥር ሰው እናቆማለን።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ትርጓሜ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ በትዕግሥት ከሰማች በኋላ፣ «እሺ፣ ያኛው ካሜራህስ?» ብላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። ጥናቱ ለዚህ አልተዘጋጀም ነበር።

አዲሱ፣ ማለቴ ያገለገለው፣ የመጀመሪያ ሥራውን የፈጸመው በዚያው ቀን ነው፤ የቀድሞውን ካሜራ በመስኮቱ አጠገብ በነጭ ነጠላ ላይ አስቀምጬ በሄሊዮስ ሦስት ጊዜ አነሣሁትና ከሥሩ፦ «ሠርግ የማያውቅ፤ ባለቤቱ ወደ ውጭ ሊሄድ ስለ ሆነ በአስቸኳይ የሚሸጥ» ብዬ ጻፍሁ። ቃሌንም አላጠፍሁም፤ በሳምንቱ ከከተማ ውጭ፣ እስከ ቢሾፍቱ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ።