አንዱን አያት ዝለለው

በጥምቀት ማግስት የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ ደወለና «አባባ፣ ላገባ ነው፤ ዝምድና ቁጠርልኝ» አለኝ። ደስ አለኝ። ዛሬ የሚያስቆጥር ጠፍቷል፤ እኔን የሚያስታውሱኝ ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ ለምርቃት ነው። ባናዬን ደርቤ መደቡ ላይ ተደላደልሁ። «የማን ልጅ ናት?» አልሁ። «የዚሁ የመንዝ፣ የመሐል ሜዳ ልጅ ናት» ሲለኝ ግን ሆዴ ባር ባር አለ።

አባቶች እንደሚነግሩን መንዝን ማማ፣ ላሎና ጌራ ተካፈሉት፤ እኛም ከሦስቱ የወጣን ነን። ከሦስት ሰው የወጣ አገር እስከ ሰባት ቤት ሳትነካኩ ተጋቡ ሲባል ምን ይዋጠው? ሰውየው ሚስት ፍለጋ ግሼ ይሻገራል፤ እዚያ የአጎቱ ልጆች አሉ። መርሐቤቴ ቆላ ይወርዳል፤ እዚያም አንዲት አክስት ተቀምጣ ትጠብቀዋለች።

ቆጠራው ግን እንጀራ ነበር። ርስት በአባትም በእናትም ስለሚወረስ፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት እያለ እስከ አቅኚው አባት ያልዘለቀ ሰው መሬት አያገኝም ነበር። ስለዚህ ጠዋት ዳኛ ፊት «ዘመዴ ነው፣ ድርሻዬን!» ያለው ሰው፣ ማታ ለልጁ ሚስት ሲያጭ በዚያው አፉ «ኧረ ምናችንም አይደሉ» ይላል። ያንኑ አያት ቀን ከመቃብር ያወጡታል፣ ማታ መልሰው ይቀብሩታል። ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ የተወረሰው መሬቱ ብቻ መሰላችሁ? አያቶቻችንም አብረው ሄዱ። ማሳ የማያመጣን ምንዥላት ማን ያስታውሰዋል?

ብቻ የልጅቱን ወገን እየጠየቅሁ ሽቅብ ስወጣ፣ ስድስተኛው ቤት ላይ ከኛ ሰው ጋር ተላተምሁ። «አይሆንም» አልሁት።

ይህ ልጅ ሕግ ተምሯል፤ በሬ ሸጬ ያስተማርሁት እኔው ነኝ፣ ማንን እወቅሳለሁ። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ ይኸውልህ ብሎ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን አነበበልኝ። ወደ ጎን ወንድ እኅቱንና አክስቱን፣ ሴትም ወንድሟንና አጎቷን አያገቡም፤ አለቀ። «የአጎት ልጅስ?» ብለው አዋጁ ዝም። የሚስትን እኅት ግን ይከለክላል! በደም የማትገናኘውን ከልክሎ የአጎትን ልጅ በዝምታ ማለፍ ምን የሚሉት ቆጠራ ነው? በ1952ቱ ሕግ 15 የነበረውን የሴት ልጅ መዳሪያ ዕድሜ 18 ማድረጉን ግን አልነቅፍም፤ እናቴ በስንት ዓመቷ እንደተዳረች አውቃለሁና።

ከዚያ ፈረንጅ አገር ወሰደኝ። ዳርዊን የሚባለው የእንግሊዝ ሊቅ የአጎቱን ልጅ አግብቶ አሥር ልጅ ወልዷል አለኝ። የጓሳን ጭላዳ ሳይቀር ዘመዴ ነው ያለ ሰው የአጎት ልጅ ምን ይከብደዋል! የሮማ ቤተ ክርስቲያንም እንደኛው እስከ ሰባት ስትከለክል ኖራ በ1215 በፈረንጆቹ ዘመን በላተራን ጉባኤ ወደ አራት አወረደችው። ደከማቸዋ! ከገደሉ ሥር ያሉት አፋሮች ደግሞ አብሱማ ብለው የአክስትን ልጅ ለወንዱ ይሰጡታል። ይህን እዚህ ደጋው ላይ ብታወራው ያስወግዝሃል፤ ቁልቁለቱን ወርደህ እምቢ ብትል ደግሞ የምታስቀይመው አክስትህን ነው።

ቤተ ክርስቲያናችንም ብትሆን በሰባቱ አልበቃትም። የክርስትና ልጅና የክርስትና አባት ቤት አይጋቡም፤ ዲያቆኑ ሳይቀስስ ድንግል አግብቶ ይቆርባል፤ ቄስ ሆኖ ሚስቱ ብትሞትበትም ሌላ የለችም። ዐቢይ ጾም ከገባ ደግሞ 55 ቀን ሠርግ ብሎ ነገር የለም። ልጁ የቸኮለው ለዚህ ነው፤ «አባባ፣ አንዱን አያት ዝለለው» እስከማለት ደረሰ።

ተቆጣሁ። እሱም ቀስ ብሎ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ሰው በዘር ወይም በሃይማኖት ሳይለይ ይጋባል እንደሚል ነገረኝና «አንተ የምትቆጥረው ዝምድና ብቻ ነበር?» አለኝ። አልነበረም። ሰባት ቤት ቆጥሬ ዝምድና ያጣሁባቸውን ሁለት ልጆች፣ የወንዱ አያት ቀጥቃጭ ነበር ሲባል «አጥንቱ አይሆንም» ብዬ የለያየሁበት ቀን አለ። መልስ አልሰጠሁትም። እሳቱን ቆሰቆስሁ።

ማታ የልጅቱ አያት ደወለ። ድምፁን ከሰማሁ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል። አባቴ የሱን አባት «ዘመድህ ነኝ፣ ርስቱ ይደርሰኛል» ብሎ ስድስት ዓመት ከስሶት ነበር፤ ያ ስድስተኛ ቤት ላይ ያለው ሰውዬ ነው ያካሰሳቸው። ዳኛው ዝምድና የለም ብሎ ፈረደ፤ አባቴም ያን ቁጭት ይዞ መቃብር ገባ። «ዘመድ አይደላችሁም ተብሎ ተፈርዶ የለም ወይ?» አለኝ ሽማግሌው፣ እየሳቀ። «አሁን ከየት የመጣ ዝምድና ነው?»

ዘመድ ነን ብል የልጄን ልጅ ሠርግ ላፈርስ ነው። አይደለንም ብል አባቴ በሐሰት ከሰሰ ልል ነው። «ፍርዱን በወረቀት ይዘህ ና» አልሁት። እሑድ ይመጣል። ባለቤቴ ጠላ እየጠመቀች ነው፤ ለእርቅ ይሁን ለክርክር አልነገርኋትም።