ቦርሳ ያለ ገንዘብ

ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ። አንድ ማኪያቶ ለአራት የያዙ ጎረምሶች ስለ ክሪፕቶ ዋሌት ይከራከራሉ። ነገሩ ቦርሳ ነው፤ ገንዘብ ግን አይቀመጥበትም (በዚህስ ከእኛ ቦርሳ በምን ይለያል?)። የሚይዘው ቁልፍ ብቻ ነው። ሳንቲሙ የተመዘገበው በዓለም ዙሪያ በተበተኑ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። ቢትኮይን ከሆነ፣ አድራሻህን ያወቀ ሁሉ፣ አማትህም ጭምር፣ ያለ ይለፍ ቃል ቀሪ ሂሳብህን ያያል። ስልክህ ቢጠፋ ቁልፉን የሚመልሱት 12 ወይም 24 ቃላት ናቸው። እነሱም ከጠፉ የምትለምነው የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የለም።

በ2016 ዓ.ም. ሰዉ ቴሌግራም ላይ የክሪፕቶ ሳንቲም ይከፍላል በተባለ ጨዋታ ሃምስተር ሲነካካ ከረመ። ክፍያው መስከረም 16 ቀን 2017፣ ልክ በደመራ ዕለት ደረሰ፤ ለችቦ መግዣ የበቃለት እንኳን ደስ አለው!

ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ደግሞ ለቢትኮይን አምራቾች መብራት በዶላር ይሸጣል። ሳንቲሙ በእኛው ውሃ እየተመረተ ይሄዳል፤ እኛም ቀሪ ሂሳባችንን በ*804# እናያለን። የካርዱን ማለቴ ነው።