ለክቡር የጓሮ መዋኛ ገንዳ ባለቤት

ባሉበት፤ ሱሉልታ፣ ቡራዩ ወይም ሰበታ፣ ከረጅሙ አጥር ጀርባ

የገንዳዎን ውሃ የሚመረምር አስተማማኝ ኪት አጥተው መቸገርዎን ሰማን፤ ከልብ አዘንን። በዚህ ሰፈር ውሃ ቸገረኝ የሚል ሞልቷል፤ ውሃው ተርፎ መለኪያው የቸገረው ግን እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ጉዳይዎን ከሁሉም አስቀድመን ይዘነዋል።

እኛ ከአጥሩ ወዲህ ያለን ነዋሪዎች ውሃ ሲያልፍ በማየት በኩል ልምድ አለን። ቡራዩ ላይ የገፈርሳ ግድብ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ተንጣልሎ ተኝቷል፤ ማጣሪያው በቀን እስከ 30 ሺህ ሜትር ኩብ እያጣራ ወደ አዲስ አበባ ይሸኛል። የሱሉልታን ውሃ ጥራት የስዊዘርላንዱ ኔስሌ ሳይቀር መስክሮለታል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የአቢሲኒያ ስፕሪንግስን አብላጫ ድርሻ ገዝቶ በፕላስቲክ እያሸገ ሊሸጠው ገብቷል። ሰበታም ውሃዋን ለሜታ ቢራ ሰጥታ ስሟን አስጠርታለች። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱንም በሸገር ከተማ ሥር አጠቃለሏቸው፤ ቢጫው ጀሪካን ግን ቀድሞ አንድ አድርጎን ነበር።

ወደ ምክሩ እንግባ። ገበያ ላይ መጀመሪያ የሚቀርብልዎ የመመርመሪያ ወረቀቱ ነው። ውሃ ውስጥ ይነክሩታል፣ ቀለሙን ከዕቃው ላይ ካለው ሠንጠረዥ ጋር ያስተያያሉ። ርካሽ ነው፣ ይፈጥናል። ክዳኑ በደንብ ካልተገጠመ ግን እርጥበት ያበላሸዋል፤ ሐምሌ ላይ የታጠበ ጋቢ ስንት ቀን ሳይደርቅ እንደሚቆይ ሠራተኛዎን ይጠይቁ።

ቀጥሎ ያለው ውሃውን ቢጫ የሚያደርገው ጠብታ ነው። ይህ የሚነግርዎ የክሎሪኑን ድምር ብቻ ነው። ገና ጀርም የሚገድለውን ክሎሪንም፣ ከላብና ከሽንት ጋር ተጣብቆ አቅሙ የደከመውንም አንድ ላይ ይቆጥራል፤ ጡረታ የወጡትን ከደመወዝ መዝገብ ሳይሰርዝ የሰው ኃይል ሪፖርት እንደሚያቀርብ መሥሪያ ቤት። በነገራችን ላይ፣ እንግዶችዎ «ክሎሪኑ በዛ» እያሉ አፍንጫቸውን የሚይዙለት ሽታ ባብዛኛው የዚያ የደከመው ነው። ገንዳው ሲሸት ክሎሪን አንሶት ይሆናል። ወይም የእንግዶቹ ልጆች መጸዳጃ ቤቱ ርቋቸዋል።

እኛ የምንመርጥልዎ ዲፒዲ የሚባለውን ነው። ቁጥር 1 ታብሌት ነፃውን፣ ማለትም ገና ጀርም የሚገድለውን ክሎሪን በሮዝ ቀለም ያሳያል፤ ቁጥር 3 ሲጨመርበት ድምሩ ይመጣል፤ ከድምሩ ላይ ነፃውን ሲቀንሱ የደከመውን ያገኛሉ። ነፃው በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም፣ ፒኤቹ (የአሲድነት ልኬቱ) ከ7.2 እስከ 7.8 ከሆነ ይዋኙ። ፒኤቹን አይናቁት፤ 8 ሲደርስ ነፃ ከተባለው ክሎሪን ጠንክሮ የሚሠራው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ናሙናውን ክንድዎን እስከ ክርንዎ አስገብተው ይቅዱ እንጂ ከላይ ከላይ አይጨልፉ። ይህን ሁሉ ለዘበኛው ካዘዙ ደግሞ አንድ ነገር ያስጠንቅቁት። ክሎሪኑ ከመጠን በላይ ሲበዛ የዲፒዲው ሮዝ ቀለም ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ የመመርመሪያዋ ቱቦ ውስጥ ያለው ውሃ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ዘበኛውም ቱቦዋን ወደ ፀሐይ አንሥቶ «ጌታዬ፣ ምንም የለውም» ይልና አንድ ባልዲ በረኪና ይደግምበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ናሙናውን ክሎሪን በሌለው ውሃ አቅጥኖ ደግሞ መለካትና ውጤቱን በዚያው መጠን ማባዛት። ክሎሪን የሌለው ውሃ ከየት ይመጣል ብለው አይጨነቁ። እኛ ጋ በሽ ነው።

ፀሐዩንም ያስቡበት። ሱሉልታ ብርዱ ሰው ባያዋኝም ፀሐዩ ከዚያ ከፍታ ላይ ክሎሪን አይምርም፤ ማረጋጊያ የሌለበት ክሎሪን ጠዋት ተጨምሮ አብዛኛው ከሰዓት ሳይደርስ ይበናል። ስለዚህ ማታም ይለኩ።

አንዳንድ ምቀኛ ስለ ሕግ ያነሣብዎ ይሆናል። አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውሃ ከማንኛውም ሌላ አገልግሎት ቅድሚያ እንዳለው ደንግጓል። አይስጉ፤ ገንዳዎ ያለው ከቤትዎ አጥር ውስጥ ነው፣ ስለዚህ የቤት ውስጥ ነው። ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 4፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ተኩል ከሆነ 48 ሺህ ሊትር ይይዛል፤ በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 2,400 መሆኑ ነው። ይህን ያሰላነው በክፋት አይደለም። ቦኖው ጋ ወረፋ ስንጠብቅ ሌላ ሥራ አልነበረንም።

አሁን የእኛን ጉዳይ በአጭሩ። ኪቱን ሲገዙ ዝቅተኛው ንባብ በሊትር ከ0.1 ሚሊግራም የሚጀምረውን ይምረጡልን። ለመዋኛ ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ከ0.5 ይጀምራሉ፤ ለዋናተኛ ይበቃል። ለሚጠጣ ውሃ ግን የሚፈለገው ነፃ ክሎሪን ከ0.2 እስከ 0.5 ስለሆነ በእነሱ ሲለካ የእኛ ውሃ ደህናውም መጥፎውም አንድ ዓይነት ይመስላል። ቦቴ ሲመጣ ከቦቴው፣ ሳይመጣ ከጉድጓድ እንቀዳለን፤ ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ በክዳኑ ለክተን እንጨምርና ግማሽ ሰዓት ጠብቀን እንጠጣለን። እንደ ወጥ ጨው ቀምሰን መጠኑን እንዳናውቅ መድኃኒት ነው። የቅዳሜውን የገንዳ ምርመራ ሲጨርሱ ዘበኛዎ በትንሿ በር ብቅ ብሎ የጀሪካኖቻችንን ቢለካልን፣ ታብሌቱን እኛ እንተካለን። ሮዝ ካልሆነ ይንገረን፤ ከገንዳዎ ቅዳልን አንልም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ከአጥሩ ወዲህ ያሉ ጎረቤቶችዎ

ማስታወሻ፦ ማረጋጊያ ያለበትን የክሎሪን ታብሌት የሚጠቀሙ ከሆነ ማረጋጊያው ሲያኑሪክ አሲድ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ኪትዎ እሱንም ይለካ። በሊትር ከ100 ሚሊግራም ካለፈ ክሎሪኑን ያደክመዋል፤ ዋናው መላም ከገንዳው ውሃ ቀንሶ በአዲስ መተካት ነው። የሚደፉበትን ቀን ቀደም ብለው ያሳውቁን። እንደማይጠጣ እናውቃለን፤ የሚታጠብ ብርድ ልብስ አለን።