ክብደትን አበላሽቶ ለመቆጣጠር የሚረዳ መመሪያ፦ ከአልዌሮ ግድብ አካባቢ

ጤናማ ያልሆነ ክብደት ሁለት ጫፍ ያለው ችግር ሲሆን፣ አንደኛው ሰውነት ከሚያስፈልገው በታች መክሳት፣ ሌላኛው ደግሞ ልብንና የደም ስኳርን እስኪያውክ ድረስ መወፈር ነው። ችግሩን በቅጡ ለመያዝ የሚረዱ መጻሕፍት ሞልተው ሳለ፣ በአስተማማኝ ሁኔታ ሊያበላሸው ለሚሻ ሹም ወይም ተራ ሰው ግን የረባ ምክር አልቀረበለትም። ይህ መመሪያ በጋምቤላ ክልል አቦቦ ወረዳ የሚገኘውን የአልዌሮ ግድብ አካባቢ ለማስተማሪያነት የመረጠው፣ ሌላ ቦታ ተበታትነው የሚገኙት ስህተቶች እዚህ አንድ ላይ ስለሚታዩ ነው።

ጀማሪ ከሁለቱ ጫፎች አንዱን መርጦ ሌላውን የለም በማለት ይነሣል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች የቀጠኑ፣ 8 በመቶው ደግሞ ከሚገባው በላይ የወፈሩ መሆናቸውን ስላሳየ፣ ሁለቱንም ቁጥሮች አንድ ገጽ ላይ ማንበብ አደገኛ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ የሚያነብ ኃላፊ ውፍረት የሀብታም አገር በሽታ ነው ብሎ ፋይሉን ይዘጋል፤ ሁለተኛውን ብቻ የሚያነብ ደግሞ ጂም ያስመርቃል። እናት ወፍራ ልጇ የቀነጨረበት፣ ማለትም ለዕድሜው የሚገባውን ቁመት ያላገኘበት ቤት ሊኖር እንደሚችል የሚያነሣ ባለሙያ ካለ፣ ጉዳዩ የሁለት ክፍሎች ስለሆነ በደብዳቤ እንዲያቀርብ ማድረግ ይበቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው መለኪያ ነው። ቢኤምአይ የሚባለው ስሌት በኪሎ የተመዘነን ክብደት በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ ማካፈል ሲሆን፣ ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ሰውየው ቀጭን፣ 25 ከደረሰ ከመጠን በላይ ከባድ፣ 30 ከደረሰ ደግሞ ውፍረት የተጠናወተው ይባላል። የስሌቱ አባት ቤልጅየማዊው የሒሳብ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ይህን ያሰላው በ19ኛው መቶ ዘመን የ«አማካይ ሰው»ን መልክ ሲፈልግ እንጂ የማንንም ጤና ሲመረምር አልነበረም፤ ስለ አልዌሮም የሰማው ነገር አልነበረም። አኙዋና ኑዌርን ጨምሮ ናይሎቲክ የሚባሉት ሕዝቦች እግራቸው ከወገብ በላይ ካለው አካላቸው አንጻር ረጅም ሲሆን፣ እግር ደግሞ ለተመሳሳይ ርዝመት ከደረትና ከሆድ ያነሰ ስለሚመዝን፣ ቁመቱ 1.90 ሜትር፣ ክብደቱ 66 ኪሎ የሆነ፣ ማለዳ ታንኳ ቀዝፎ መረብ የሚጥል ብርቱ ዓሣ አጥማጅ 18.3 አምጥቶ በምግብ እጥረት ሊመዘገብ ይችላል። በአንጻሩ ሆዱ እንደ ከበሮ የተወጠረ፣ እግረ ረጅም የቢሮ ሠራተኛ 24 አምጥቶ «ጤነኛ» ተብሎ ይመለሳል። ሰውን አስቀምጦ ቁመቱን በመለካት፣ የላይኛውን ክንድ ዙሪያ በመለኪያ ጥብጣብ በመያዝ ወይም ወገብን በመለካት ስህተቱን ማቃለል ስለሚቻል፣ ይህን ዓይነቱን ነገር ከሥልጠናው ማስወጣት የግድ ነው። ጥብጣቡ ርካሽ መሆኑ ራሱ ለጥርጣሬ ይበቃል።

ዋናው ጥበብ ግን ሰውነትን እየመዘኑ ምግቡን አለማየት ነው፤ ለዚህም ግድቡ ግሩም ምሳሌ ይሆናል። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች እገዛ የተጀመረው ይህ ግድብ ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ ሳለ፣ ግንቡ ቆሞ ውኃው ከተጠራቀመ በኋላ ማሳው ለረጅም ዓመታት ቦይ ሲጠብቅ ኖሯል። በኋላም ሳዑዲ ስታር የተባለው ኩባንያ በአካባቢው 10 ሺህ ሄክታር ተከራይቶ ውኃውን ለሩዝ፣ ሩዙን በአብዛኛው ለውጭ ገበያ ሊያውል አቀደ። አንድ ሹም የሥነ ምግብ ዕቅዱን ሲያዘጋጅ ከዚህ ሊወስድ የሚገባው ትምህርት፣ ግድብ የግብርና፣ ሩዝ የኢንቨስትመንት፣ ዓሣ የእንስሳት ሀብት፣ የልጅ ክብደት ደግሞ የጤና ጉዳይ መሆኑንና አራቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ እንደሌለባቸው ነው።

ዓሣው በተለይ መረሳት አለበት። ቆሮሶና አምባዛ ለልጅ እድገት የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ይዘው እዚያው ውኃ ውስጥ ስለሚዋኙ፣ ሰው እንዲያስታውሳቸው ከተደረገ የመመሪያው ግማሽ ይፈርሳል። ደግነቱ በጋምቤላ ሙቀት ያለ በረዶ የተያዘ ትኩስ ዓሣ ከማለዳ እስከ ማታ አይዘልቅም፤ ስለዚህ ለበረዶ ቤት በጀት አለመያዝ፣ ማድረቅና ማጨስ የሚያውቁትን ሴቶች ወደ ሥልጠና አለመጥራት፣ በሥልጠናው ዕለት ደግሞ ለተሳታፊዎች ብስኩትና ለስላሳ ማቅረብ በቂ ነው።

በፖሊሲ ረገድ በአንድ እጅ የሚከለክሉትን በሌላው እጅ ማደል የተመሰከረለት ስልት ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በስኳር፣ በለስላሳ መጠጥና የረጋ ቅባት በበዛባቸው ዘይቶች ላይ ታክስ ጥሏል። ነገር ግን በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 307/1995 የለስላሳ ማስከፈያ ልክ 40 በመቶ የነበረ ሲሆን፣ አዲሱ 25 በመቶ አድርጎታል። የቀድሞው ልክ የሚሰላው በማምረቻ ወጪ፣ አዲሱ ግን በፋብሪካ መሸጫ ዋጋ ላይ ስለሆነ ሁለቱን በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም፤ ይህም ጥሩ ነው፣ ጠጪው ጠርሙሱ ተወደደበት ወይስ ረከሰለት ሳይገባው ይጨልጠዋልና። ከቅባቱ ግማሽ ያህሉ የረጋ የሆነው የፓልም ዘይት ደግሞ ለዓመታት በመንግሥት ድጎማ በሸማቾች ማኅበራት በኩል ሲከፋፈል ቆይቷል። አዲስ አበባ ላይ በብርድ ወቅት ጠርሙሱ ውስጥ ነጭ ሆኖ ሲጋገር ሕዝቡ «የሚረጋ ዘይት» ብሎ ያማዋል፤ ጋምቤላ ላይ ግን ሙቀቱ ስለማያረጋው እንደ ኑግ ዘይት ጠርቶ ይታያል፣ ሐሜተኛም የለውም።

የግል ጥረትን በተመለከተ፣ ከደጋ ተመድቦ የመጣ ሠራተኛ በጾም ወራት በዘይት የተንቆረቆረ ሽሮና ፓስታ በልቶ «ጾም ያከሳል» ሊል፣ ለፋሲካ ደግሞ የቀረበትን ሁሉ በሁለት ቀን ሊያካክስ ይገባዋል። የታመመ ሊጠይቅ ሲሄድ የለስላሳ ጠርሙስ መያዙን አይርሳ፤ በሽተኛው የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ ሁለት ይያዝ። ወፈርክ ሲባል እንደ ምርቃት ተቀብሎ አሜን ማለት፣ ከሳህ ሲባል መደንገጥ፣ በእግር ለሚደረስበት ገበያ ባጃጅ መጥራትም ከባህሉ ጋር ይስማማሉ። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ በወር አንድ እሑድ መንገዱን ለእግረኛ በመልቀቅ የተጀመረው ቅስቀሳም ሊኮረጅ ይችላል፤ በቀሪዎቹ ቀናት የእግረኛ መንገድ አለመኖሩን እስካልነካ ድረስ ማንንም አያስቀይምም።

ፈጣን ውጤት የሚሻ ሰው ደግሞ በመጋቢት ሙቀት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ላስቲክ ጃኬት ደርቦ ሊሮጥ ይችላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚቀንሰው ኪሎ ስብ ሳይሆን ላብ ስለሆነ፣ ውኃ እንደጠጣ ቁጥሩ ይመለስበታልና፣ ጥማቱ ሳይቆረጥ ሚዛኑን በስልክ አንስቶ ለወዳጆቹ መላክ ይመረጣል።