ዝክረ ግድግዳ ዘማእከለ ሳሎን ወጓዳ

በጨርጨር ምድር በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ ከተሞች የሳሎንን እንግዳ ከጓዳ ገመና ለይቶ ሲጠብቅ የኖረው የውስጥ ግድግዳ፣ «ቤቱ ይስፋ» በሚባል የእድሳት ሕመም ተይዞ በዲጅኖና በመዶሻ ሲረዳ ከቆየ በኋላ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል።

ሟች ከአባቱ ከባሕር ዛፍና ከእናቱ ከጭቃ የተወለደ ሲሆን፣ የአባቱ ወገን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ፣ የእናቱ ወገን ግን ከጨርጨር ተራራ ግርጌ ተነሥቶ የማያውቅ ነበር። ጭሮን በ1910ዎቹ ዓ.ም. አሰበ ተፈሪ ብለው የቆረቆሩት የጨርጨር ገዥ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው በመሆናቸው፣ ወሰን የማበጀት ነገር ለከተማዋ ከጥንስሷም እንግዳ አልነበረም። የሟች አካል የተሠራው ቋሚ የሚባሉ አጣናዎች ተተክለው፣ ማገር የሚባሉ ቀጫጭን እንጨቶች በአግድም ተመትተውባቸው፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ ከግራና ከቀኝ ተመርጎባቸው ነው።

ሥራው ግን ከአካሉ ይበልጥ ነበር። ከቀትር በኋላ በርጫ ላይ፣ ማለትም ጫት ተይዞ በሚዋልበት የሐረርጌ ጨዋታ፣ በፍራሽ የተቀመጡት ሰዎች መከዳቸውን ያስደገፉት በእርሱ ነው፤ ከወዲያኛው ገጹ በኩል ደግሞ ከቡና ገለባ የሚፈላውን ሆጃ የሚጠባበቁት ሴቶች የሳሎኑን ወሬ አንድም ሳይቀር ያዳመጡት በእርሱ ነው። ግድግዳ ጆሮ አለው የሚለው አባባል የሟችን ታማኝነት ያጎድፋል፤ ጆሮው የሰዎቹ ነበር፣ እርሱ የሰማውን ለማንም አላወራም። የሌማቱን ጉድለት፣ የባልና የሚስትን ኩርፊያ፣ ለእንግዳ ሲባል ከጎረቤት የተለመነውን ስኳር ሸሽጎ ኖሯል። ጎረቤቲቱ ሐረር ይህን ሁሉ በሌላ ዘዴ ፈትታዋለች፤ ግዲር ጋር በሚባለው የሐረሪዎች ሰፊ ክፍል ውስጥ ሰውን በየማዕረጉ የሚለየው ነደባ የተባለው ከፍና ዝቅ ያለ መደብ ነው፤ ይሁን እንጂ እዚያም ቢሆን ኪርታት የምትባለው የጎን ክፍል አልቀረችም።

ስለ አሟሟቱ ሲመረመር በሌላ ቤት ሕግ የተፈረደበት መሆኑ ይገለጣል። በብሎኬት ቤት ጣሪያውን የሚሸከሙት ኮለንና ቢም፣ ማለትም የብረትና የሲሚንቶ ቋሚና አግዳሚ ስለሆኑ፣ በመካከል ያለው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ከፋፋይ ብቻ ነው፤ አርክቴክቱ ሌ ኮርቡዚዬ እ.ኤ.አ. በ1914 «ዶሚኖ» ብሎ የነደፈው የሕንፃ አጽምም ግድግዳን ከሸክም ነጻ የሚያወጣ ነበር (ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1936 የአዲስ አበባን ፕላን ለሙሶሊኒ ነድፎ ነበርና፣ በኢትዮጵያ ምድር ከአንድ ግድግዳ የበለጠ ለማፍረስ አስቦ ነበር ማለት ይቻላል)። በጭቃ ቤት ግን የመካከለኛው ግድግዳ ቋሚዎች ብዙ ጊዜ ሽቅብ ዘልቀው ካፕሪያታውን፣ ማለትም ቆርቆሮውን የሚሸከመውን ባለ ሦስት ማዕዘን የጣሪያ እንጨት በትከሻቸው ይደግፋሉ፤ ስለዚህ በብሎኬት ቤት እድሳት የሚባለው ነገር በጭቃ ቤት ነፍስ ማጥፋት ነው። ጨርጨር በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ እንደ ተቀመጠና በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ እንደ ተንቀጠቀጠች የሚያስታውስ ሰው ዲጅኖውን ከማንሣቱ በፊት ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየት ይገባው ነበር። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለለውጥ ሥራ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር፤ ሟች ግን በጎረቤት ምክር ብቻ ተቀጥቷል።

ለግድያው የተሰጠው ምክንያት ለሠርግና ለኀዘን የሚመጣ ሰው ሳሎን ሞልቶ እንዲቀመጥ ነበር። ሠርግና ኀዘን ሲመጣ ግን እንደ ወትሮው የእድር ድንኳን በደጅ ተተክሏል፤ ሰፊው ሳሎንም ባዶውን ውሎ፣ ምጣዱና ያልተነጠፈው አልጋ ከበሩ ጀምሮ ታይተዋል።

ሟች መጋረጃ የተባለች አንዲት ወራሽ ትቷል፤ ፍርስራሹ ከግቢው ጥግ ሳይነሣ በቦታው ተሰቅላለች፣ ነገር ግን ማንም ሊደገፋት አይችልም። የሟች ጭቃ በውሃ ርሶ፣ አዲስ ጭድ ተጨምሮበት እንደገና ከተቦካ በኋላ ለማድ ቤቱ ግድግዳ ተመርጓል።